ሹክሹክታ የሚሰማባት መኪና

«ባዶ በርሜል» ብሎ የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው በተቀበሩ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወንበር ያጣ ሰው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ። በሩ አጠገብ የአባታቸው የሥራ ባልደረባ የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ የአክስታቸው ባል፤ ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ አቅፋ። ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም በተራ በተራ ሊጠራቸው ይችላል። ማን እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በሳል እንደሸፈነ ጭምር።

ነገሩ የአባታቸው መኪና ነበረች። አሮጌ፣ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ መንገደኛ ዞሮ የሚያያት መኪና። ትንሹ ልጅ ትምህርት ስላልገፋለት ከአባቱ ጋር እሷ ሥር ተጋድሞ ነው ያደገው፤ ብሎን ሲያቀብል፣ ፋኖስ ሲይዝ። ስለዚህ በዚያ ቀን «አባባ መኪናዋ ለአንተ ትሁን ብሎኛል» አለ። ሌላ አልጨመረም። ምናልባት ድምፁን ከፍ አድርጎት ይሆናል፤ ያዘነ ሰው ድምፁን መች ይመጥናል? ታላቅዬው ከረባቱን እንዳሰረ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞርለት፣ «አንተ ባዶ በርሜል፣ አፈሩ ሳይደርቅ አትጩህብን» አለ። ባዶ በርሜል ድምፁ እንደሚያይል ሰው ሁሉ ያውቃልና ሳሎኑ ሳቀ።

ያልሳቀችው የታላቅዬው ሚስት ብቻ ነበረች። ተነሥታ ውሃ በብርጭቆ አመጣችና «ጠጣ፣ ወንድምዬ» አለችው። ጠጣ። ብርጭቆውን መለሰላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ይለው ነበር፤ አሁን «እሱ» ነው የሚለው። መኪናዋም የእሱ ሆነች።

አንዳንድ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ ይሄ ሰው ስድብ ይሰበስባል። አራተኛ ክፍል ሳለ «አንተ ከምትማር የተቀመጥክበት ወንበር ቢማር ይሻል ነበር» ያለውን የሒሳብ መምህር የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። የመኪና ወንበር ሊለካ ቤቷ የሄደ ጊዜ፣ ከመቀመጡ በፊት ሶፋው ላይ ጋዜጣ ያነጠፈችለትን ሴትዮም አልረሳትም። ግን እነዚህ የጎን ቁስሎች ናቸው። መምህሩም ባዳ፣ ሴትዮዋም ባዳ። ባዳ ሲወጋ ቆዳ ነው የሚበሳው፤ የእናት ልጅ ሲወጋ አጥንት ይደርሳል።

ሙያው የመኪና ወንበር መስፋት ነበር። ኋላ ግን አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ሌላ ነገር ይጠይቁት ጀመር። አሮጌ መኪና መልኳ ያማረ ቢሆንም ውስጧ ወፍጮ ቤት ነው። ለሠርግ ብቻ የሚያወጣት ሰው ይችለው ይሆናል፤ በየቀኑ ሥራ የሚመላለስባት ግን ማታ ቤቱ ገብቶ እንኳ ጆሮው ይጮኻል። ሞተሩ ከፊት ያጓራል፣ ነፋሱ በበሩ ጎማ በኩል ያፏጫል፣ ወለሉ ከሥር እንደ ከበሮ ይመታል። ለዚህ ዘዴ አለው። ባለቤቱን «ንዳ» ይለውና ራሱ ጎን ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ጠመኔ በእጁ ነው። ጩኸት የመጣበትን ቦታ ሳያይ በእጁ ዳስሶ ጫር ያደርጋል፤ ተዟዙረው ሲመለሱ የመኪናዋ ውስጥ ሕፃን የተጫወተበት ሰሌዳ መስሎ ይገኛል። ከዚያ ወንበር ይነቀላል፣ ምንጣፉ ይነሣል፣ ላሜራው በጣት አንጓ ይንኳኳል። «ድው» ካለ ደህና ነው፤ «ጯ» ካለ በሽታው እዚያ ነው። ሰው ጩኸት የሚጠፋው ስፖንጅ በመጠቅጠቅ ይመስለዋል፤ አይደለም። ቀጭን ላሜራ የሚጮኸው ስለቀለለ ነው። ወፍራም የካትራም ንጣፍ በእሳት አለስልሰህ ስታጣብቅበት ይከብድና አደብ ይገዛል፤ ሱፉና ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለደንበኛ ሲያስረዳ «የቀለለ ነገር ነው የሚጮኸው» ይልና፣ የገዛ ንግግሩ በርሜሉን አስታውሶት ፊቱ ይጠቁራል።

ሰዉ «ጸጥ አርጌ» የሚል ስም አወጣለት። አልጠላውም። ከበርሜል ይሻላል።

ወርክሾፑ ያለው ከአንድ በያጅ ጋር በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። በያጁ አፉ አያርፍም፤ ጠዋት የሰማውን ለሌላ ሳያደርስ ምሳ አይወርድለትም። ስለዚህ «ሬዲዮ» ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት ጸጥ አርጌ የወንበር ልብስ እየሰፋ ሳለ መርፌው እጁ ላይ ቆመ። ከአጥሩ ውጭ ጭሱን የሚተፋ የመኪና ማርሚታ ሲስል ሰማ። ማርሽ ሲቀየር የሚሰማውን ያን የቆየ ማቃሰት ሰማ። ሳያያት አወቃት።

መኪናዋ ገባች፤ ታላቅዬው ወረደ። ሸብቷል። ከረባት አላሰረም። በሁለቱ መሐል አንድ የተፈታ ወንበር ቆሟል፤ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ በያጁ አዞሩ።

«እንደምን አደርክ» አለ ታላቅዬው ለሬዲዮ። «የዚችን መኪና ጩኸት እንዲያጠፋልኝ ንገረው።»

ሬዲዮ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ለማን ልንገር ጋሼ?»

«ለእሱ።»

«እሱ እኮ ይኸው ቆሟል። ጆሮም አለው።»

«ንገረው ብዬሃለሁ።»

ሬዲዮ ትከሻውን ሰበቀና ዞረ። «የመኪናዬን ጩኸት አጥፋልኝ ብሎሃል።»

«ዛሬ ነው እንዴ የጮኸችበት በለው። አባባ ሲነዳትም ትጮኽ ነበር።»

«ዛሬ ነው እንዴ የጮኸችብ...»

«ሰምቻለሁ» አለ ታላቅዬው። «ውስጧ የሰው ድምፅ እንዲሰማባት እፈልጋለሁ በለው። በየቀኑ የምመላለስባት ናት። ይፍጠንልኝ።»

«ወረፋ አለ በለው።»

«እጠብቃለሁ በለው። ግን ይፍጠን።»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለ ሬዲዮ። «ለአስተርጓሚ እንኳ ምሳ ይጋበዛል! ቋንቋችሁ አንድ፣ እናታችሁ አንድ፣ እኔን መሐል ላይ የስልክ ሽቦ አደረጋችሁኝ።»

ማንም አልሳቀለትም። ታላቅዬው ቁልፉን በእጅ አልሰጠም፤ የስፌት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረውና በእግሩ ወጣ።

ለጸጥ አርጌ ሥራ መጀመሪያው አብሮ መሄድና መስማት ነው። ግን ዓይን ጨፍኖ እሱ አጠገብ መቀመጥ? ሞቶ ነው! ስለዚህ ዝም ብሎ ወንበሮቿን ነቀለ፣ ምንጣፏን አነሣ፣ የበሮቿን ሽፋን ፈታ። መልሶ ለማንም እንዳትሆን አድርጎ ከዘረጋገፋት በኋላ ከግድግዳው ጥግ አስጠግቶ ሸራ አለበሳት። ከኋላዋ የመጡ መኪኖች ቀድመዋት ወጡ።

ታላቅዬው በየጊዜው በእግሩ ይመጣል። በሩ ላይ ይቆምና «ደረሰች ወይ በለው» ይላል። «አልደረሰችም በለው» ይባላል። ይሄዳል። ጸጥ አርጌ ጀርባውን ሲያይ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ጥቂትም ደስ ይለዋል። ምን እንደሚጠብቅ ራሱ ያውቃል። አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው። በሬዲዮ ያልመጣ፣ ከራሱ አፍ የወጣ አንድ ቃል። ያን ቃል ቢሰማ እንቅልፍ ሳይተኛ ይሠራላት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ዳቦውን ለሁለት ገመሰና ሳይበላ ያዘው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብህም ላይ ካትራም ለጥፈሃል እንዴ?»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«በሕይወቴ የደበቅኩት የመጀመሪያ ወሬ ነው። ሆዴን ቆርጦ ሊገድለኝ ነው። አትንገረው ብሎኝ ነበር፤ አዝኖ እንዲሠራልኝ አልፈልግም አለ። እኔ ግን አልቻልኩም። የወንድምህ ሚስት ታማለች።»

ጸጥ አርጌ ማኘኩን አቆመ። «እትዬ?»

«ጉሮሮዋን። ቀዶ ጥገና አድርገውላታል፤ አሁን ለጨረር በየቀኑ ያመላልሳታል። ድምፅዋ ሄዷል። የቀራት ሹክሹክታ ነው፤ እሱም ብዙ አይቆይም ብለዋቸዋል። ቤታቸው በጠያቂ ተጨናንቋል፤ እህቶቿ፣ ጎረቤቱ፣ ልጆቹ። ብቻቸውን የሚሆኑት መኪናዋ ውስጥ ነው። ድሮም አብረው ሥራ ሲሄዱ የልባቸውን የሚጫወቱት እዚያው ነበር አሉ። መኪናዋ እዚህ ከመግባቷ በፊት ታወራው ነበር፤ እሱ ግን በጩኸቱ አይሰማትም ነበር። እንዳይከፋት ብሎ እሺ፣ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አንድ ቀን መብራት ላይ ቆመው ምን አለችው መሰለህ? እስቲ ምን አልኩህ? አለችው።»

«እሱስ?»

«ምን ይላል? ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ መናገር ተወች።»

«ትጽፍለታለች እንጂ» አለ ጸጥ አርጌ፤ ድምፁ ግን እንደ ክርክር አልወጣም።

«ወረቀት ሰጣት። ውሃ፣ ትራስ፣ መስኮቱን ዝጋ፤ ይሄን ይሄን ትጽፋለች። ሌላውንስ ሲላት፣ ይሄ አይጻፍም አለች።»

ጸጥ አርጌ ዳቦውን አስቀመጠ። ብርጭቆዋ ትዝ አለችው፤ የዚያን ቀኗ ውሃ፣ «ጠጣ፣ ወንድምዬ»። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው መሆኑን ያስታወሰች አንዲት ሴት። ወደ ሸራው አየ። ነገ በጠዋት እጀምራታለሁ ብሎ ወሰነ።

በነጋታው ታላቅዬው ቀድሞት ደረሰ። በሩ ላይ ቆመና፣ «ደረሰች ወይ በለው» አለ።

እዚህ ላይ ነው ሰይጣን የገባው። አሁንም በለው? ሚስቱ እንዲህ ሆና እንኳ በለው? ወንድሜ፣ ሚስቴ ታመመችብኝ ማለት ምላስ ይሰብራል? «አልደረሰችም በለው» አለና መርፌውን አነሣ። ነገ ነገን ወለደች። ሥራውን አልተወውም፤ እየነካካ ነበር። እዚህ አንድ ንጣፍ፣ እዚያ አንድ ጎማ። እንደ ቂመኛ ሰው ጸሎት፣ ከአንገት በላይ።

ከዚያ እሷ ራሷ መጣች።

ማንም አልጠበቃትም። ከሆስፒታል ስትመለስ ታክሲውን መንገድ ዳር አስቁማ ብቻዋን ገባች። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች። ያቺ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከበር የሚሰማ የነበረች ሴት ልብሷ ውስጥ ጠፍታለች። ከመኪናዋ የተነቀለው የፊት ወንበር ወለሉ ላይ ቆሞ ስታየው ፈገግ አለች፤ ስንት ዓመት የተቀመጠችበት ነው። ሄዳ ተቀመጠችበት። መኪና ውስጥ ያለች ይመስል ቀኝ ክንዷን የበሩ መደገፊያ ወደነበረበት ባዶ ቦታ ዘረጋች፤ መደገፊያው እንደሌለ ሲገባት እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ! ምነው ብቻሽን?» ብሎ ሮጠ። እጁ በማስቲሽ ተጨማልቆ ስለነበር ክንዱን ሰጣት። ያዘችው፤ አልለቀቀችውም። ከዚያ መናገር ጀመረች።

መብራት ጠፍቶ ነበርና ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ሥር ያጓራል። ሬዲዮ ጀርባውን ሰጥቶ የብረት በር በግራይንደር ይሞርዳል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ተንበረከከ፤ ጆሮውን አስጠጋ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ ጆሮው ላይ አረፈ እንጂ ቃል ይዞ አልመጣም።

«ሬዲዮ፣ አጥፋው!» ማለት ነበረበት። አንዲት ጩኸት ናት፤ መጮኽ ደግሞ ያውቅበታል። ግን ያን ማለት አልሰማሁሽም ማለት ነው። ድምፅሽ አልቋል ማለት ነው። ፊቷ ላይ ደግሞ፣ በስንት ጊዜ የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ የሚል ነገር ነበር። በዚያ ፊት ላይ በር መዝጋት አልቻለም። ራሱን ነቀነቀ።

ቀጠለች። መሐል ላይ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የሳቀች መሰለው፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። በሸራ ወደተሸፈነችው መኪና አየች፤ ክንዱን ጠበቅ አደረገችው። ብዙ ተናገረች፤ ቀስ እያለች፣ ቃል እየመረጠች። ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ከከንፈሯ ለቀመ። «በለው»።

«እሺ፣ እትዬ» አለ። «እሺ። እሺ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። እሺ፣ እሺ የሚል ራስ እሷ በደንብ ታውቀዋለች። ግን ጉንጩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ተነሣች። እስከ መንገድ ሸኛት፤ ታክሲ አቆመላት፤ መስኮቱ ሲዘጋ ከንፈሯ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ አሁንም ራሱን ነቀነቀ።

ሲመለስ ሬዲዮ ግራይንደሩን አጥፍቶ ላቡን ይጠርጋል። «የወንድምህ ሚስት ስታወራህ ዞር እያልኩ አየኋችሁ እኮ! ብዙ ተጫወታችሁ። ምን አለችህ?»

«ምን አገባህ።»

ሸራውን በአንድ እጁ ገፍፎ ጣለው።

ያን ጊዜ ነው የሠራው። ደንበኛ መጣ፣ «ዝግ ነው» አለው። ስልክ ጮኸ፣ አላነሣውም። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። መኪናዋ ትድረስ። ከዚያ እትዬን በዚችው ወንበሯ አስቀምጦ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ እየነዳ፣ «እስቲ ያን ነገር ድገሚልኝ፤ በደንብ እንድይዘው ነው» ይላታል። አልሰማሁሽም አይልም። ድገሚልኝ ነው የሚላት።

ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አንኳኳ። አባቱ በአንድ ወቅት የደፈነውን የዝገት ቀዳዳ አገኘው፤ የእጁን አሠራር አወቀውና ሳይነካው ዙሪያውን ለበጠ። ካትራሙን እያሞቀ ለጠፈ፤ ጣቱ ተቃጠለ፤ ምራቁን ቀብቶ ቀጠለ። ሞተሩንና ሰውን በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ሽቦ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጎማ ደፈነ፤ ጩኸት እንደ ውሃ ነው፣ በመርፌ ቀዳዳ ይገባል። የበሮቹን ሆድ ከፍቶ ከውስጥ አከበደ። ያረጁትን የበር ጎማዎች ጥሎ አዲስ አስገባ፤ በሩን ወረቀት አስነክሶ ዘጋና ሳበው፤ ወረቀቱ የሚላወስበትን ቦታ ደግሞ አጠበቀ። ሞተሩ የሚያርፍባቸውን ጎማዎች ሜካኒክ ጠርቶ አስለወጠ። ማርሚታዋን ሬዲዮ በየደላት።

«አሁን ግባ» አለው ለሬዲዮ፣ ሁሉ ሲያልቅ። «በእሷ ቦታ ተቀመጥ። እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ታወራለህ። በሹክሹክታ ብቻ።»

«ምን ልበል?»

«መቼም ወሬ አጥተህ አታውቅም።»

መጀመሪያ ድንጋይ በተነጠፈበት ጎዳና ወሰዳት። ሬዲዮ ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ፣ ከንፈሩን እንኳ ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ «አንተ ኩራተኛ ሽማግሌ» አለ።

«ሽማግሌ አባትህ።»

«ሰማህ እንዴ?»

«ሰማሁ።»

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ነዳጁን ረገጠው። ሬዲዮ ይበልጥ ዝቅ አለ፤ «ነገ ምሳ በአንተ ነው።»

«አይደለም።»

ሁለቱም ሳቁ። ጸጥ አርጌ ከሳቀ ቆይቷል፤ ሳቁ ራሱ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጎልቶ ተሰማውና ደነገጠ። የአባቱ መኪና እንደ መኝታ ክፍል ዝም ብላለች። አባባ ቢያያት ምን ይል ነበር ብሎ አሰበ።

ታላቅዬው በማግስቱ በጠዋት መጣ። የተገጣጠመችውን፣ የተወለወለችውን መኪና ሲያይ እጁ በሩ ላይ ቀረ።

«ደረሰች በለው» አለ ጸጥ አርጌ።

«አመሰግናለሁ በለው።»

አሁን መናገር ነበረበት። እትዬን አንድ ጊዜ ልንዳት፣ አንድ ነገር ልጠይቃት ማለት። ግን ይህን በሬዲዮ አፍ እንዴት ይበል? ራሱ ደግሞ ቀድሞ አፉን አይከፍትም፤ ስንት ዓመት የዘጋውን አፍ በርሜል ላለው ሰው ቀድሞ አይከፍትም። ዛሬ ማታ ቤታቸው ሄጄ አገኛታለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለ። ማታ ከደጃፋቸው ደርሶ፣ የታላቅ ወንድሙን ጥላ በመስኮቱ አይቶ ተመለሰ። መኪናዋ በጠዋት ያለ ሳል፣ ያለ ማቃሰት ነበር ከግቢ የወጣችው።

ወሬውን ያመጣው እንደ ልማዱ ሬዲዮ ነው። አሁን ግን እንደ ልማዱ አልተጣደፈም፤ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ ነው የነገረው። በዚያው ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ መስኮቱን ዘግተው ሄዱ አለ። ውስጡ ጸጥ ብሎ ስታይ ሚስትየው ዳሽቦርዱን በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ አፏን ከፈተች። አየር ብቻ ወጣ። ያቺ ሹክሹክታም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እየተቆራረጠች ነበርና በዚያች ጠዋት አለቀች። ወንድምህ መኪናዋን ዳር አቁሞ ሞተሩን ሁሉ አጠፋ አለ። ጠበቀ። ምንም የለም። እስኪመሽ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ቀብሯ ላይ ጸጥ አርጌ ከሰው ኋላ ቆመ። አለቀሰ፤ እንዲታይ አልፈለገም፤ ታላቅ ወንድሙ በሰው መሐል በዓይኑ ሲፈልገው አየና ከአንድ ረጅም ሰው ጀርባ ተሸሸገ። ለምን እንደሚፈልገው አላወቀም። ልቡ ግን አወቀ። ሌሊት ሌሊት የከንፈሯን እንቅስቃሴ እያስታወሰ ቃል ሊያለብሰው ይሞክራል። ከመስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ከንፈር እንደሷ ያንቀሳቅሳል። ሁልጊዜ የሚገጥምለት ያቺ አንዷ ናት። በለው። ምን ብሎ?

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የወንበር ሚስማር እየመታ ሳለ ቀና ሲል መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ስትመጣ አልሰማትም። በሩ ተከፍቶ ታላቅዬው ወርዷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ በተሳሳተ ቁልፍ ተቆልፏል። ሬዲዮ እንደ ልማዱ ግራይንደሩን አጥፍቶ መልእክቱን ሊቀበል ተዘጋጀ። ታላቅዬው ግን ሬዲዮን አልፎት መጣ።

«ጩጬ» አለ።

በልጅነታቸው የሚጠራው እንዲህ ነበር። ከእሱ በቀር በዚህ ስም የጠራው ሰው በምድር ላይ የለም። የጸጥ አርጌ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለችህ?»

ግቢው ጸጥ አለ። ጄኔሬተሩም አልተነሣም ነበር፤ መንገዱም ባዶ ነበር።

«ያን ቀን እዚህ መጥታ ነበር አሉ። ሬዲዮ ነገረኝ። ብዙ አወራችህ፤ አንተም ስትስቅ ነበር፣ ራስህን ስትነቀንቅ ነበር። እኔ…» ቆመ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ። «እኔ ልትነግረኝ ስትፈልግ አልሰማኋትም። መጨረሻ ላይ መኪናዋ ስትደርስ ደግሞ ድምፅዋ አለቀ። አንተ ዘንድ የመጣችው ንገርልኝ ልትልህ ይመስለኛል። ምን በለው አለችህ?»

ጸጥ አርጌ መዶሻውን አወረደ።

«ያስቀየምኩህ ነገር እንዳለ አውቃለሁ» አለ ታላቅዬው። «ምን እንደሆነ ግን፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ አላስታውሰውም። ምንም ይሁን ምን ይቅር በለኝ። እግርህ ላይ ልውደቅ። ብቻ የነገረችህን ንገረኝ። ቁጣም ይሁን። ተረግመሃልም ብላ ይሁን። ከእሷ የመጣ ይሁን እንጂ ምንም ይሁን።»

ይኸው መጣ። ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል፣ ከራሱ አፍ፣ ያለ ሬዲዮ። ሰውዬው በርሜሉን ረስቶታል። ጸጥ አርጌ የለቀስተኛውን አቀማመጥ፣ የሻይ ብርጭቆውን፣ የመምህሩን ሸሚዝ ሳይቀር ይዞ ሲኖር፣ የሰደበው ሰው ረስቶት ይኖር ነበር። እሱስ? የተሰደበውን ሁሉ ከነቃሉ የያዘው ጆሮው፣ ያቺ ሴት በመጨረሻ ትንፋሿ ያደረሰችውን አንድ መልእክት አልያዘም።

መዋሸት ቀላል ነበር። እወደዋለሁ በለው አለች ቢል ማን ይመሰክርበታል? አፉን ከፈተ። ታላቅ ወንድሙ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ ጆሮውን ሰጠ፤ ልክ እሱ ያን ቀን ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ እንደሰጣት። ያንን ሲያይ አፉ ተዘጋ። የራሱን ቃል በእሷ ከንፈር ላይ ማድረግ አልቻለም፤ አልሰማኋትም ብሎ መናዘዝም አልቻለም።

መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የማይለቅ ማስቲሽ ነበር፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ በወንድሙ አጠገብ፣ ልብሱ ልብሱን ነክቶት አለፈ። የመኪናዋ በር ክፍት ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ወንበር የሰው ቅርጽ እንደያዘ ነው። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ድው አለ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረውም።

«ጩጬ!» አለ ታላቅዬው ከኋላው። «ጩጬ፣ ሰማኸኝ?»

ሰምቶታል። ከግቢው ወጣና የመንገዱን ዳር ይዞ ሄደ።